ቪዛ ለተከለከለ ሰው የይግባኝ በሩ የት ነው?

«ይግባኝ» የሚለው ቃል በአገራችን የቆየ ቃል ነው። ትርጓሜውም «ነገሬ ከዚህ ዳኛ ወደሚበልጠው ዳኛ ይግባልኝ» ማለት እንደ ሆነ ከቃሉ ይታወቃል። አባቶቻችን በአጥቢያ ዳኛ ፍርድ ቅር የተሰኙ እንደ ሆነ ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ አፈ ንጉሡ፣ ከዚያም እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ይጓዙ ነበር። ስለዚህ ከማንኛውም ውሳኔ በላይ ሌላ ሰሚ አለ የሚለው እምነት በልባችን የተተከለ ነው። ዳሩ ግን ዛሬ በየቤቱ ብዙ እንባና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አንድ ውሳኔ አለ፤ እርሱም የውጭ አገር መግቢያ ፈቃድ፣ ማለት ቪዛ፣ መከልከል ነው። በዚህ ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ አለ፤ ጨርሶ ይግባኝ የማይባልበትም ጊዜ አለ። ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ቤተ ሰብ የተከፈተለት በር ቀኑ አልፎ ይዘጋበታል፤ ወይም የተዘጋውን በር ሲያንኳኳ ጥሪቱን ይጨርሳል።

በአዲስ አበባ በአብነትና በመርካቶ ዙሪያ ለሚኖረው ሰው ይህ ጉዳይ የሩቅ ወሬ አይደለም። አንዱ ነጋዴ ነውና ዕቃ ለመምረጥ ባሕር መሻገር ይሻል። አንዲቱ እናት በባዕድ አገር የተወለደውን የልጅ ልጇን ክርስትና ለማየት ትናፍቃለች። ሌላው ደግሞ በሥርዐት ተጋብቶ ሳለ ከሚስቱ ተለይቶ ዓመታት ይቈጥራል። የእነዚህ ሁሉ ጥያቄ «አልተፈቀደም» በሚል አንድ ሉክ ወረቀት ሲመለስ፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚደርስላቸው ሕግ ዐዋቂው ሳይሆን ደላላው ነው። ደላላውም ወረቀቱን እንኳ ሳያነብ «ይግባኙን ለእኔ ተዉት» ይላል። እንግዲህ የይግባኙ በር በየት አገር እንደ ተከፈተና በየት አገር እንደ ተዘጋ፣ በተከፈተውም በር የሚገባበት ሥርዐት ምን እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ እናመለክታለን። የውጭ አገር ሕጎችና ፍርዶች የወጡባቸውን ዓመታት የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱን ማንበብ

የክልከላው ደብዳቤ ምንም እንኳ የሚያሳዝን ቢሆን የሚቀደድ ወረቀት አይደለም፤ የይግባኙ መሠረት እርሱ ነውና። ደብዳቤው በእጅ እንደ ገባ አራት ነገሮች ይፈለጉበታል። 1ኛ፣ ጥያቄው የተከለከለበት ምክንያት ነው። 2ኛ፣ ይግባኝ ይፈቀዳል ወይም አይፈቀድም የሚለው ቃል ነው። 3ኛ፣ ይግባኙ የሚቀርብበት መሥሪያ ቤትና የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። 4ኛ፣ የጊዜው ገደብ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ፈጥኖ የሚያልፈው ጊዜው ነው። እሑድም በዓልም ከቀኑ ቍጥር ውስጥ ይገባሉ። በአንዳንዱ አገር ቀኑ የሚቈጠረው ደብዳቤው ከደረሰበት ዕለት፣ በአንዳንዱም ውሳኔው ከተላከበት ዕለት ጀምሮ ስለ ሆነ፣ የቀደመውን ይዞ መቍጠር ከስሕተት ያድናል። ደብዳቤውን የተቀበሉበት ቀን የታተመበት ፖስታና ደረሰኝም ሊጣል አይገባውም፤ በኋላ ስለ ቀኑ ክርክር ቢነሣ ምስክር የሚሆነው እርሱ ነው።

በሸንገን አገሮች በሩ ክፍት ነው

ሸንገን በሚባለው ስምምነት የተሳሰሩት 29 የአውሮፓ አገሮች ለአጭር ጊዜ ጉብኝት የሚሰጡት ቪዛ በአንድ ሕግ የሚመራ ሲሆን፣ ይኸውም በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቪዛ ደንብ ነው። የዚህ ደንብ 32ኛ አንቀጽ ቪዛ የተከለከለ ሰው ሁሉ ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው በግልጥ ይናገራል። ክልከላውም ምክንያቶቹ በተዘረዘሩበት ቅጽ ላይ ምልክት ተደርጎበት ይሰጣል። ከምክንያቶቹም የጉዞው ዓላማ በሚገባ አልተረዳም፣ ለመኖሪያና ለመመለሻ የሚበቃ ገንዘብ አልታየም፣ የቀረበው ማስረጃ አያስተማምንም፣ ጊዜው ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል ለማለት ያጠራጥራል የሚሉት ይገኛሉ።

ይግባኙ የሚቀርበው ውሳኔውን ለሰጠው አገር ነው፤ ሥርዐቱም እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። ለስዊድን የሚቀርበው ይግባኝ በ3 ሳምንት ውስጥ ለውሳኔ ሰጭው መሥሪያ ቤት ይገባና እርሱ ውሳኔውን ካልለወጠ ወደ ስደት ጉዳይ ፍርድ ቤት ያስተላልፈዋል። በሆላንድ የተቃውሞው ጊዜ 4 ሳምንት ነው። በፈረንሳይ ሰው በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ በ30 ቀን ውስጥ በናንት ከተማ ላለው የቪዛ አቤቱታ ሰሚ አካል ካመለከተ በኋላ ነው ወደዚያው ከተማ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የሚደርሰው። በኢጣልያ ለጉብኝት ቪዛ በሮም ላለው የላትስዮ አስተዳደር ፍርድ ቤት የሚቀርበው አቤቱታ 60 ቀን ተሰጥቶታል።

ስለ ጀርመን ግን አንድ የተለወጠ ነገር አለና ልብ ይባል። ቀድሞ የተከለከለ ሰው ያለ ክፍያ ለራሱ ለኤምባሲው ደብዳቤ ጽፎ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይለት ይጠይቅ ነበር። ይህ አሠራር ከጁላይ 1 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ላይ ባሉት የጀርመን ኤምባሲዎች ሁሉ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት፣ ወይም በ1 ወር ውስጥ በበርሊን የአስተዳደር ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ። ስለዚህ «ለጀርመን ኤምባሲ የይግባኝ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የቀረ ሥርዐት እየሸጠ ነው።

ይግባኝ መብት ነው ሲባል ልግስና አይደለም ማለት ነው። አንድ የሞሮኮ ተወላጅ ሚስቱንና ልጁን ለመጠየቅ ወደ ፖላንድ ሊሄድ ቪዛ ቢጠይቅ ቆንስሉ ከለከለው፤ የአገሩም ሕግ በዚህ ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት መሄድን አይፈቅድም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በዲሴምበር 2017 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ የይግባኙ ሥርዐት እንደየአገሩ ቢሆንም በአንድ ደረጃ ላይ ነጻ ፍርድ ቤት ሊመለከተው ይገባል ብሎ ወሰነ። በኖቬምበር 2020 ዓ.ም. ደግሞ፣ አንድ አገር ቪዛውን የከለከለው ሌላ አባል አገር ስለ ተቃወመ እንደ ሆነ፣ የተቃወመው አገር ማን እንደ ሆነና ተቃውሞው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ለአመልካቹ መነገር አለበት ሲል ፈረደ። መልስ ይሰጥበት ዘንድ ሰው የተከሰሰበትን ማወቅ ይገባዋልና።

በእንግሊዝና በካናዳ በሩ ለአንዳንዱ ብቻ ይከፈታል

በእንግሊዝ አገር ቀድሞ ዘመዱን ለመጠየቅ የተከለከለ ሰው ሙሉ ይግባኝ ነበረው። ይህ መብት ከጁን 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተሽሯል። ስለዚህ ለጉብኝት ጠይቆ የተከለከለ ሰው ዋና መንገዱ ጕድለቱን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ነው። ነገር ግን ከባል፣ ከሚስት ወይም ከልጅ ጋር ለመኖር የተጠየቀ ቪዛ የተከለከለ እንደ ሆነ፣ ጉዳዩ የቤተ ሰብ ሕይወትን መብት ስለሚነካ ይግባኝ ይባልበታል። ከእንግሊዝ ውጭ ያለ አመልካች ውሳኔው ከደረሰው ጀምሮ 28 ቀን አለው፤ የሚያየውም የስደት ጉዳይ ችሎት ነው።

በካናዳም እንዲሁ ልዩነት አለ። ዜጋው ወይም የቋሚ መኖሪያ ባለ ፈቃዱ የትዳር ጓደኛውን ወይም ልጁን ለመውሰድ አመልክቶ የተከለከለ እንደ ሆነ፣ ይግባኙን የሚያቀርበው በዚያ ያለው አስጠሪው ነው፤ ጊዜውም 30 ቀን ነው። ለጉብኝት ወይም ለትምህርት የተከለከለ ሰው ግን በውጭ አገር ሆኖ ውሳኔው የደረሰው ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ፍርድ ቤት «ውሳኔው ይመርመርልኝ» ብሎ ከማመልከት በቀር ሌላ የይግባኝ መንገድ የለውም። ይህ ፍርድ ቤት ስሕተት ቢያገኝ ጉዳዩ በሌላ ሹም እንደገና እንዲታይ ይመልሰዋል እንጂ ቪዛውን ራሱ አይሰጥም።

በአሜሪካ ቆንስል ዘንድ ይግባኝ የለም

ወገኖቻችን አብዝተው የሚጠይቁት የአሜሪካን ቪዛ ነውና ስለ እርሱ ግልጥ አድርገን እንናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የዚያ አገር የኢሚግሬሽን ሕግ፣ በ214ኛው ክፍል «ለ» ፊደል ሥር፣ ጥቂት የቪዛ ዓይነቶች ሲቀሩ ለጊዜው ልሂድ የሚል አመልካች ሁሉ ተመላሽ መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ ሊቀር እንዳሰበ ሰው ይቈጠር ይላል። የማስረዳቱ ሸክም የተጣለው በአመልካቹ ላይ ነው። በዚህ አንቀጽ የተከለከለ ሰው ይግባኝ የለውም፤ ኑሮው ሲለወጥ ወይም ያላቀረበው ማስረጃ ሲኖረው እንደገና ከፍሎ ያመለክታል እንጂ። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም ከጥቂት ልዩ ጉዳዮች በቀር የቆንስልን ውሳኔ አይመረምሩም። በጁን 2024 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሜሪካዊት ሚስት ባሏ ቪዛ በመከልከሉ ምክንያት ባቀረበችው ክስ ላይ ይህንኑ አጽንቶታል።

ነገር ግን በ221ኛው ክፍል በ«ሰ» ፊደል የሚሰጠውን መልስ ከዚህ ጋር ማደባለቅ አይገባም። ይህ ወረቀት ጐደለ ወይም ጉዳዩ ገና በምርመራ ላይ ነው ማለት ነው። ወረቀት የጐደለበት ሰው የተጠየቀውን በ1 ዓመት ውስጥ ያቀረበ እንደ ሆነ አዲስ ክፍያ ሳይከፍል ጉዳዩ ይቀጥልለታል። ብዙ ሰዎች ይህን ወረቀት እንደ መጨረሻ ፍርድ ቈጥረው መሳቢያ ውስጥ ጥለውት ዓመቱ ያልፍባቸዋል። እንዲሁም በአሜሪካ ያለው ዘመድ ስለ ቤተ ሰቡ ያስገባው ማመልከቻ በዚያው አገር መሥሪያ ቤት የተከለከለ እንደ ሆነ፣ ያ ውሳኔ ከቆንስሉ ውሳኔ የተለየ ነውና አመልካቹ ዘመድ በዚያው ይግባኝ ሊል ይችላል።

ይግባኝ ወይስ አዲስ ማመልከቻ?

በሩ ክፍት ሆኖ እንኳ መግባቱ ሁልጊዜ አይጠቅምም። ይህን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ስሕተቱ የማን ነው? ወረቀቱ ቀርቦ ሳለ ሹሙ ሳይመለከተው ቀርቶ ከሆነ፣ ወይም የሰጠው ምክንያት ከቀረበው ማስረጃ ጋር የማይስማማ ከሆነ ይግባኝ ይገባዋል። ወረቀቱ ከመጀመሪያው የጐደለ ከሆነ ግን አሟልቶ እንደገና ማመልከት የሚቀልበት ጊዜ ብዙ ነው። ደግሞም ይግባኝ ወራት ይፈጃል፤ ከሁለት ወር በኋላ ለሚደረግ ሠርግ ይግባኝ ያለ ሰው ቢረታ እንኳ ሠርጉ አልፎ ይጠብቀዋል።

ስለ ጊዜው ይህንም እንጨምር። የአውሮፓ ኅብረት በአፕሪል 2024 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንን ተቀብሎ በመመለስ ጉዳይ ከመንግሥታችን ጋር ባለመስማማቱ፣ የኢትዮጵያውያን የቪዛ ጥያቄ መልስ የሚያገኝበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም፣ ብዙ ጊዜ የሚመላለሱበትም ቪዛ እንዳይሰጥ ወሰነ። የቪዛው ደንብ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማመልከትን ስለሚፈቅድ፣ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ቢከለከል እንኳ ዳግመኛ የሚሞክርበት ቀን ይተርፈዋል።

የይግባኙ ጽሑፍና ማስረጃው

የይግባኝ ጽሑፍ ልመና አይደለም። «ልጄን ሳላይ እንዳልሞት» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም፣ ገንዘብ አልታየም ለተባለ ሰው መልስ አይሆንም። መልካም ይግባኝ አጭር ነው፤ የአመልካቹን ስም፣ የፓስፖርቱንና የውሳኔውን ቍጥር፣ ውሳኔው የደረሰበትን ቀን ያስቀድማል። ከዚያም የክልከላውን ምክንያቶች አንድ በአንድ እየጠቀሰ ለእያንዳንዱ መልሱንና ማስረጃውን ያቀርባል። በመጨረሻ አመልካቹ ይፈርምበታል፤ ሌላ ሰው የሚያቀርብለት ከሆነም ውክልና ይያያዛል። የአማርኛ ሰነድ ሁሉ ከትርጕሙ ጋር ይቀርባል። የገባበት ደረሰኝና የሁሉም ቅጅ በቤት ይቀመጣል።

በማስረጃ ረገድ የመርካቶን ነጋዴ በብዛት የሚጥለው የገንዘቡ ታሪክ ነው። ሱቁ ሙሉ፣ እምነቱ የታወቀ ሰው ሆኖ ሳለ ገንዘቡ በዕቃና በዕቁብ ስለሚዘዋወር የባንክ መዝገቡ ባዶ ይመስላል። ዕቁቡ በወጣለት ዕለት ብዙ ብር በአንድ ጊዜ ባንክ ሲያስገባ፣ የዕቁብን ነገር የማያውቀው ሹም ለማሳያ የተበደረው ገንዘብ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ለዚህ መድኃኒቱ የገንዘቡን ምንጭ ማስረዳት ነው። ዕቁቡ ስንት ሰው እንዳለው፣ መዋጮው ስንት እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ወጣለት የሚናገር የዕቁቡ ዳኛ የፈረመበት ደብዳቤ፣ የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ደረሰኙና የሱቁ የኪራይ ውል አብረው ሲቀርቡ ነገሩ ይበራል። ሱቁ፣ ግብሩና ቤተ ሰቡ ደግሞ ተመላሽ ለመሆኑ ምስክሮቹ ናቸው።

ስምና የዘመን ቍጥር

ከሐሰት ሳይሆን ከአገራችን ልማድ የሚመጣ እንቅፋትም አለ። እኛ የአባታችንን ስም እንጂ የቤተ ሰብ ስም አንይዝም፤ ሚስትም የባሏን ስም አትወስድም። ስለዚህ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በወረቀት ላይ ዘመዳሞች አይመስሉም። «ገብረ ሚካኤል» የሚለው ስም በአንዱ ወረቀት አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ቃል ሆኖ ሲጻፍ የሁለት ሰው ስም ይመስላል። በክርስትና ምስክር ወረቀት ላይ የክርስትና ስም፣ በፓስፖርት ላይ የዓለም ስም ሲገኝም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ቤተ ክርስቲያኑ በደብዳቤው ቢገልጥ ብዙ ድካም ያስቀራል።

የዘመኑ ቍጥር ከሁሉ ይልቅ ያሳስታል። ልዩነቱ ሁልጊዜ 8 ዓመት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ የአውሮፓውያን ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ግን ልዩነቱ 7 ነው። ኅዳር 12 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በአውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 1992 ተወለደ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን የተወለደው ግን ጃንዋሪ 7 ቀን 1993 ተወለደ። ሁሉንም በ8 የሚያሰላ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ሕፃን በ1 ዓመት ያሳንሰዋል፤ ልዩነቱም በይግባኝ ጊዜ እንደ ውሸት ሊታይ ይችላል።

የልደትና የጋብቻ ሲቪል ምዝገባ በአገራችን በአዲሱ ሥርዐት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነውና፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት ብዙዎቹ ያላቸው የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ነው። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ሰብ ሕጋችን የታወቀ ቢሆንም በመንግሥት መዝገብ መግባት አለበት። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ከመንግሥቱ ወረቀት ጋር ሲቀርብ ይደግፈዋል። ወረቀት የማግኘት ተስፋ ለሌለው ስደተኛ ደግሞ የአውሮፓው ፍርድ ቤት በማርች 2019 ዓ.ም. በአንዲት ኤርትራዊት ጉዳይ ላይ ሲፈርድ፣ ሰነድ ስለ ጐደለ ብቻ የቤተ ሰብ ጥያቄ ሊጣል አይገባም፣ ሰነዱ ያልተገኘበት ምክንያትም ይመዘን ብሏል።

የሐሰት ወረቀት ዋጋ

ክልከላ ይታለፋል፤ ሐሰት ግን በመዝገብ ይኖራል። ዐውቆ በማታለል ቪዛ የፈለገ ሰው በአሜሪካ ሕግ ለዘለቄታው እንዳይገባ ይከለከላል። በእንግሊዝ እስከ 10 ዓመት፣ በካናዳ 5 ዓመት ይታገዳል። ደላላው የሸጠው የባንክ ወረቀት ቢሆን እንኳ ፈርሞ ያስገባው አመልካቹ ነውና ቅጣቱ በእርሱ ላይ ይወርዳል፤ ደላላው ግን በማግሥቱ ለሌላ ይሸጣል። የቀድሞ ክልከላን መደበቅም እንዲሁ ነው። ቅጹ «ከአሁን በፊት ተከልክለህ ታውቃለህን?» ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን መመለስ ይገባል፤ የሸንገን አገሮች ብቻ እንኳ የቪዛውን መዝገብ ለ5 ዓመት በጋራ ያኖሩታልና።

እንግዲህ በቤታችሁ የክልከላ ወረቀት የገባ እንደ ሆነ፣ በዚያው ዕለት ማታ ማንበብ የሚችለው የቤተ ሰቡ አባል ተቀምጦ አራቱን ነገሮች ከወረቀቱ ላይ ይጻፋቸው፤ ምክንያቱን፣ መብቱን፣ ቦታውንና ቀኑን። የመጨረሻው ቀን በግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ላይ ይሰመርበት። ይግባኝ ካለ ለምክንያቱ በማስረጃ ይመለስ፤ ከሌለ ገንዘቡ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ይቀመጥ። «ውስጥ ሰው አለኝ» ለሚልም ሰው ወረቀቱን ሰጥታችሁ «ይግባኝ ይፈቀዳል የሚለው ቃል የትኛው መሥመር ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መሥመሩን ሊያሳያችሁ ካልቻለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።